ከቡናው ሥር ያለው መሬት ራቁቱን አይደር

በጓሮአችሁ ቡና አለ እንበል። ከቡናው በላይ ዋንዛ ወይም ሳሳ ወይም ብርብራ ቆሞ ጥላ ይሰጣል። በአንድ በኩል እንሰት፣ በሌላ በኩል ሙዝ ወይም ጌሾ ይኖር ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ ጓሮው ለምለም ነው። እስቲ አሁን ጎንበስ በሉና ከሥር ያለውን መሬት እዩት። ምን ለብሷል?

በብዙ ሰው ጓሮ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አረም ወርሶታል፤ ወይ ተኮትኩቶ ራቁቱን ቀርቷል። አረሙ የቡናውን ምግብና ውሃ ይሻማል። ራቁቱን የቀረውን መሬት ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። ገበሬው በየዓመቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ሲያርመው መሬቱ ይራቆታል። ሲተወው አረሙ ይመለሳል። በዚህ መሐል የላሟ ግርግም ባዶ ነው። ሴቶችና ልጆች ሣር ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ መንገድ ነው። መሬቱን የሚያለብስ፣ ጥላ የሚችል፣ አንዴ ከተተከለ ዓመታት የሚቆይ፣ ላምም የምትበላው ተክል አለ። ስሙ ደስሞዲየም ይባላል። ስሙ ለምላስ ከበድ ይላል። ስለዚህ ቀስ ብለን ፊደል በፊደል እናንብበው። ደ - ስ - ሞ - ዲ - የ - ም። አሁን ደግሞ አንድ ላይ፦ ደስሞዲየም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተባለ ምላስ ይለምደዋል።

የዛፍ ጥላ ብቻውን አፈር አይጠብቅም

ብዙ ሰው «እኔ ዛፍ አለኝ፤ የኔ አፈር አይሄድም» ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ዛፍ ሥር ተጠልላችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ምንም አይነካችሁም። ቆይቶ ግን ቅጠል ላይ የተጠራቀመው ውሃ ጠብ ብሎ አናታችሁ ላይ ያርፋል። ይህ ጠብታ ከሰማይ ከሚወርደው ይበልጣል። ምክንያቱም ብዙ ትናንሽ ጠብታዎች ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተገናኝተው አንድ ሆነዋል። ዛፉ ረጅም ከሆነ ደግሞ ጠብታው ሲወርድ ጉልበት ያገኛል።

ይህ ትልቅ ጠብታ ራቁቱን መሬት ሲመታ አፈሩን ያፈናጥረዋል። ከዝናብ በኋላ የቡናውን ግንድ እግር እዩት። ጭቃ ተረጭቶ ተለጥፎበታል? እንግዲያው መሬቱ እየተመታ ነው። የተፈናጠረው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ውሃው ወደ ውስጥ መስረግ ሲያቅተው ላይ ላዩን ይሄዳል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነማ ይሮጣል። ይዞ የሚሄደውም ላይኛውን ጥቁር አፈር ነው፤ ፍግ ያፈሰሳችሁበትን፣ ቅጠል የበሰበሰበትን። ዓመታት ሲያልፉ የቡናው ሥር ከመሬት በላይ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ አፈሩ ምን ያህል እንደ ወረደ በጣት መለካት ይቻላል። ሥሩ የወጣ ቡና አይታችሁ ከሆነ ልብ በሉት፤ ሥሩ አልወጣም፤ መሬቱ ነው የወረደው።

ስለዚህ የዛፍ ጥላ አንድ ነገር ነው። የመሬት ልብስ ሌላ ነገር ነው። የረገፈ ቅጠል ጥሩ ልብስ ነው። ጓሮ ይጸዳ ብሎ ቅጠሉን እየጠረገ የሚያቃጥል ሰው አለ፤ ይህ በጣም መጥፎ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠል ይበሰብሳል፤ ነፋስ ያነሳዋል፤ ዶሮም ይበትነዋል። ሥር ሰዶ የቆመ ልብስ ግን ጎርፍ ሲመጣ ቦታውን አይለቅም።

ተክሉ ምን ይመስላል?

ደስሞዲየም የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ግንዱ ሐረግ ነው፤ መሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል። የሐረጉ አንጓ እርጥብ አፈር ሲነካ እዚያው ሥር ይሰዳል። ከዚያ ደግሞ ወደፊት ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት አንድ እግር ተክል በጊዜ ብዛት ዙሪያውን ይሸፍናል።

በሰፊው የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለ አረንጓዴ ቅጠሉ ነው። ግንዱ ቀላ ይላል፤ ቅጠሉ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ይታይበታል። ሁለተኛው ባለ ብር ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ መካከል እንደ ብር የነጣ መስመር አለበት። ዘር ወይም ሐረግ ስትቀበሉ የትኛው እንደ ሆነ በዚህ ትለዩታላችሁ።

ፍሬው ያስገርማል። ትናንሽ ቁርጥራጮች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይንጠለጠላሉ። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። በግሪክ ቋንቋ «ደስሞስ» ማለት ማሰሪያ ማለት ነው። ፍሬው ሲደርቅ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ጨጎጊት ልብስና የከብት ጠጉር ላይ ይጣበቃል። ተክሉ የሚሰራጨው እንዲህ ነው። የፍሬው ወቅት ሲደርስ ነጠላ ለብሶ እዚያ ውስጥ መግባት አይመከርም፤ ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ መዋል ይመጣል።

የት ይሆናል? የት አይሆንም?

ደስሞዲየም ዝናብ ይወዳል። በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ጥሩ ሆኖ ይበቅላል። ቡና ያለ መስኖ የሚበቅልበት ወይና ደጋ በአብዛኛው ይስማማዋል። አፈሩ ኮምጣጣ ቢሆንም ይችላል። ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ግን ቅጠሉ ይቃጠላል።

ጥላ ይችላል ስንል ጨለማ ይችላል ማለታችን አይደለም። መሞከሪያው ቀላል ነው። ቀትር ላይ ጓሮ ግቡና መሬቱን እዩ። የፀሐይ ብርሃን እዚህም እዚያም ጣል ጣል ካለ ይሆናል። ምንም ብርሃን የማይገባበት ቦታ ከሆነ ተክሉ ይሳሳል፤ መሬቱንም አይሸፍንም። እንዲህ ላለው ቦታ የረገፈ ቅጠል ይሻላል። ወይም የዛፉን ቅርንጫፍ ቀነስ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር አንደብቃችሁም። ይህ ተክል ውሃ ይጠጣል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ወይም በጋው በሚረዝምበት ቦታ ከቡናው ጋር እርጥበት ይሻማል። በእንዲህ ያለ አገር ከቡና ሥር ባይተከል ይሻላል። በአጥር ጥግ፣ በእርከን ዳር ይተከል። ዝናብ በሚበዛበት አገርም ቢሆን ገና በተተከለ የቡና ችግኝ መሐል አታስገቡት። ችግኙ አጭር ነው፤ ሐረጉ ይጠመጠምበታል። ቡናው ሥር ሰዶ፣ ከፍ ብሎ፣ ራሱን ሲችል ያን ጊዜ ይተከል።

«ማን ነው የሚያርቀው?»

ይህ ነገር በአንድ ቤት ሲነሳ ክርክሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«አንተ ሰው፣ ቡናው ሥር ሣር ልትተክል ነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅለው የኖርኩትን?»

«ኧረ ሣር አይደለም። እንደ አተር ያለ ነው። ላሚቱ ትበላዋለች።»

«ቡናውንስ አያንቀውም?»

«ከግንዱ ግማሽ ሜትር እናርቀዋለን።»

«እሱን ነው የምጠይቅህ! በየጊዜው ማን ነው የሚያርቀው? አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

የሴትዮዋ ጥያቄ ትክክል ነው። ደስሞዲየም ተክሎ የሚረሱት ነገር አይደለም። ሐረጉ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ካልተመለሰ ግንዱ ላይ ይወጣል። በየሳምንቱ ባይሆንም በየጊዜው ዞር ዞር ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ አረም ሲነቀል የሚጣል ነገር ነው፤ ደስሞዲየም ሲቆረጥ ግን ግርግም ውስጥ ይገባል። ሥራው አይጠፋም። ሥራው መልክ ይቀይራል። ሣር ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት በጓሮ ውስጥ ያልቃል። ባልና ሚስት ሥራውን አስቀድመው ቢከፋፈሉት ጥሩ ነው፤ አለዚያ ሴትዮዋ እንደ ፈራችው ሁሉም በእሷ ጀርባ ላይ ያርፋል።

አተካከል

መጀመሪያ አረሙን ማጥፋት ነው። በተለይ ሰርዶን። ደስሞዲየም ከጠነከረ በኋላ አዲስ አረም እንዳይበቅል ያፍናል። ቀድሞ የተደላደለ ሰርዶን ግን አያሸንፍም። ስለዚህ የሰርዶውን ሥር ለቅማችሁ አውጡ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ስትቆፍሩ ከቡናው አጠገብ ዶማ በጥልቀት አታግቡ። ቡና ምግቡን የሚስብበት ቀጫጭን ሥር ከላይ፣ ከመሬቱ ፊት አጠገብ ነው ያለው። እሱ ከተቆረጠ ቡናው ይጎዳል።

ቀጥሎ ርቀት መለካት ነው። ግማሽ ሜትር ገመድ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ የቡናው ግንድ ላይ ያዙ። ሌላውን ጫፍ በእንጨት እየጫራችሁ ዙሩ። ክብ ይወጣል። ክቡ ውስጥ ምንም አይተከልም። እዚያ ቅጠልና ብስባሽ ይደረጋል። ከክቡ ውጭ ያለው ለደስሞዲየም ነው። ቡናው በ2 ሜትር በ2 ሜትር ከተተከለ እያንዳንዱ እግር 4 ካሬ ሜትር መሬት አለው። ክቡ ከዚህ የሚወስደው ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። 3 ካሬ ሜትር ያህል ይተርፋል ማለት ነው።

በዘር መትከል ይቻላል። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው። የባለ አረንጓዴ ቅጠሉ አንድ ኪሎ ዘር 750,000 ያህል ፍሬ አለው። ለአንድ ሄክታር 2 ኪሎ ይበቃል። እስቲ እናስላው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የእናንተ ጓሮ 500 ካሬ ሜትር ቢሆን የሄክታር አንድ ሃያኛ ነው። የ2 ኪሎ አንድ ሃያኛ ስንት ነው? 100 ግራም። ይህን ያህል ትንሽ ዘር በእጅ እኩል መዝራት ያስቸግራል። ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ዝሩት። አፈር አታብዙበት። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ መውጣት ያቅተዋል።

ዘር ካልተገኘ ሐረግ ይበቃል። እንዲያውም ለጓሮ እኛ ሐረጉን እንመርጣለን። ቶሎ ይይዛል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከጎረቤት የጠነከረ፣ ያልለመለመ ሐረግ ቁረጡ። ሦስት አንጓ ይኑረው። ሁለቱን አንጓ ቅበሩ፤ አንዱን ከላይ አስቀሩ። በአንዱና በሌላው መካከል ግማሽ ሜትር ይሁን። ዝናቡ ከተደላደለ በኋላ፣ መሬቱ ሲርስ ተክሉ። የተቆረጠ ሐረግ ፀሐይ ላይ ውሎ አይደር፤ በተቆረጠበት ቀን መሬት ይግባ።

የመጀመሪያው ጥቂት ወር ነው አስቸጋሪው። ደስሞዲየም ሲነሳ ቀርፋፋ ነው። ሰው ዝም ብሎ ካየው «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይተወዋል። አረሙ ግን አይጠብቅም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጊዜ መታረም አለበት። ከዚያ በኋላ እርስ በርሱ ተገናኝቶ መሬቱን ሲያለብስ ለአረም ቦታ አይሰጥም።

አጨዳና ቀለብ

መሬቱን በደንብ ሸፍኖ ሳይጠነክር አትጨዱት። ብዙውን ጊዜ አራት ወር ያህል ይፈጃል። ስታጭዱ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ግማሽ ስንዝር ያህል አስቀሩ። ቅጠልም ይቅርበት። ወደ መሬት አስጠግቶ የሚያጭድ ሰው ተክሉን ይገድለዋል። ከብት ፈትታችሁ አትልቀቁበት። ላም ስትግጥ ግማሽ ስንዝር ለክታ አትተውም፤ በእግሯም ትረግጠዋለች፤ ቡናውንም ትሰብራለች። ቆርጦ ወስዶ ማብላት ነው። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨዱ። ግማሹ ሲታጨድ ግማሹ ይቁም። መሬቱ መቼም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይራቆት።

ላም መጀመሪያ ላይ ልትጠላው ትችላለች። ቅጠሉ ጠጉር አለው፤ አፍ ያዝ የሚያደርግ ነገርም አለው። ጠውለግ አድርጉትና ከሣር ወይም ከበቆሎ አገዳ ጋር ቀላቅሉት። ትለምደዋለች። 300 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 30 ኪሎ ያህል እርጥብ መኖ ትበላለች። ከሦስት አንዱ እጅ ደስሞዲየም ይሁን። ማለት 10 ኪሎ ደስሞዲየም፣ 20 ኪሎ ሣር። ጭድና አገዳ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ለወተትና ለሥጋ የሚሆን ገንቢ ምግብ የላቸውም። እሱን የሚሰጣት ይህ ቅጠል ነው። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው፤ አንዳንድ እርጥብ መኖ እንደሚያደርገው የከብት ሆድ አይነፋም።

እግሩ ሥር ያለው ሥራ

አንድ እግር ደስሞዲየም በቀስታ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። እንደ ባቄላ ሥር ትናንሽ እንክብሎች ተለጥፈውበታል። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። በዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እነሱ ከአየር ናይትሮጅን የሚባለውን ነገር ይዘው ለተክሉ ይሰጡታል። ናይትሮጅን በዩሪያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ መሬቱም ቡናውም ድርሻ ያገኛሉ።

ነገር ግን ሂሳቡን አትርሱ። ቅጠሉ ታጭዶ ወደ በረት ሲሄድ የመሬቱ ምግብ አብሮ ይሄዳል። እበቱ ወደ ጓሮው ካልተመለሰ መሬቱ ይደኸያል። ማጨድ ብቻ እንጂ መመለስ የማያውቅ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ «ተክሉ አፈሬን ጨረሰው» ማለቱ አይቀርም።

ከጥላ ውጭም ተክሉ ሥራ አለው። በ1990ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች በበቆሎ መደዳ መካከል ደስሞዲየም ዘሩ። የአገዳ ቆርቁር የምታመጣው የእሳት ራት ሽታውን ስለማትወደው ከበቆሎው ራቀች። ያልተጠበቀው ነገር አቀንጭራውም መቀነሱ ነው። ከደስሞዲየም ሥር የሚወጣው ነገር የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል፤ ግን የበቆሎውን ሥር እንዳይዝ ያደርገዋል። የበቀለው አቀንጭራ የሚጠባው አጥቶ ይሞታል። የዚህን ዝርዝር በሌላ ሳምንት እንመለስበታለን፤ አቀንጭራ ብቻውን ብዙ ገጽ የሚያስጽፍ ጠላት ነው።

ሁለት ስጋቶች

«እባብ ይደበቅበታል» የሚሉ አሉ። ውሸት አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ነገር ሁሉ መደበቂያ ይሆናል። ስለዚህ በቡናው መደዳ መካከል አንድ ሰው የሚያስኬድ መንገድ አጭዳችሁ ክፈቱ። ከቤት ደጃፍና ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ አርቁት። ለማጨድ ስትገቡ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ፤ በባዶ እግር አትግቡ።

ሁለተኛው የቡና ለቀማ ነው። የረገፈ የቡና ፍሬ ሐረጉ ውስጥ ከገባ አይገኝም። መፍትሔው ለቀማው ሊጀመር ሲል ደስሞዲየሙን ማጨድ ነው። ለቃሚው መሬቱን ያያል፤ ላሟም ዝናቡ ሲያቆም ቀለብ ታገኛለች። ስትለቅሙ ከሥር ሸራ ወይም ሰሌን ብታነጥፉ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ዘሩን ማስቀረት

ለዘር የሚሆነውን በዚያ ወቅት አትንኩት። ደስሞዲየም የሚያብበው ክረምቱ አልፎ ቀኑ ሲያጥር ነው። ፀሐይ በሚያገኝ ዳር ላይ ጥቂት እግር ሳይታጨድ ይቅር፤ በጥላ ውስጥ ያለው ፍሬ አያበዛም። ሰንሰለቱ ቡናማ ሲሆን ሳይበጠስ በእጅ እየመለጣችሁ ሰብስቡ። ጥላ ላይ አድርቁት። ዘር ማግኘት ያልቻለ ሰው የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። አዲስ አበባ ባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክም የደስሞዲየም ዘር ተጠብቆ ይገኛል።

ዘሩ ሲደርቅ በጨርቅ ከረጢት አድርጉና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። ደቃቅ ዘር ሁሉ ስለሚመሳሰል በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን፣ የተለቀመበትን ወርና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት።